ስለ ዲጂታል ገንዘብ ማውጣት ሥራና መንግሥት ስለሚያደርግበት ቁጥጥር

ከጎንደር ተነሥቶ በመተማ በኩል ወሰኑን ተሻግሮ ገዳሪፍ የሚደርሰው የ230 ኪሎ ቮልት የኤሌክትሪክ መሥመር በዚህ አካባቢ ለሚኖር ሰው ሁሉ የታወቀ ነው። መሥመሩ የተዘረጋው በኢትዮጵያ ወንዞች ላይ ከተሠሩት ግድቦች የሚመነጨው ኃይል ለሱዳን እንዲሸጥ ነው። በዚሁ በገዳሪፍ ግዛት፣ በላይኛው አትባራና ሰቲት ግድቦች አካባቢ የሚገኘው መንደር 8 ደግሞ ከኅዳር ወር 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በትግራይ ከተነሣው ጦርነት የሸሹ ኢትዮጵያውያን መጀመሪያ ከተቀበሉት ሥፍራዎች አንዱ በመሆኑ ስሙ በብዙ ዘንድ ታውቋል። ሁለቱ ግድቦች በአንድነት 320 ሜጋ ዋት እንዲያመነጩ ታስበው የተሠሩ ናቸው። ሆኖም በስደተኛ መንደሮች ስልክ መሙላት እንኳ በየሱቁ ገንዘብ የሚከፈልበት አገልግሎት ነው። በግድብ አጠገብ መኖርና መብራት ማግኘት አንድ ነገር እንዳልሆኑ የዚህ አካባቢ ሰው ከማንም ይልቅ ያውቃል።

እንግዲህ የኤሌክትሪክ ኃይል እንዲህ ብርቅ በሆነበት ዘመን፣ ከወሰኑ ወዲያ በኢትዮጵያ፣ ይህን ኃይል ቀንና ሌሊት በብዛት የሚገዛ አዲስ ደንበኛ ተነሥቷል። እርሱም በተለምዶ ክሪፕቶከረንሲ የተባለውን ዲጂታል ገንዘብ የሚያወጣው ድርጅት ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሥራውን «ዳታ ማይኒንግ» ብለው ሲጠሩት ይሰማል። ይህ ሥራ ምን እንደ ሆነ፣ መንግሥትስ በምን ሥልጣን እንደሚቆጣጠረው፣ ነዋሪውና የአካባቢው ሹም ሊያውቁት የሚገባው ምን እንደ ሆነ ከዚህ ቀጥሎ ይገለጻል።

ሥራው ምንድን ነው?

«ማይኒንግ» የሚለው ቃል ማዕድን ማውጣት ማለት ነው። ነገር ግን በዚህ ሥራ አፈር አይቆፈርም፤ ድንጋይም አይፈለጥም። በአንድ ሰፊ አዳራሽ ወይም በብረት ኮንቴይነር ውስጥ እንደ መጻሕፍት በመደርደሪያ ላይ የተደረደሩ ብዙ የሒሳብ መኪናዎች፣ ማለት ለዚህ ሥራ ብቻ የተሠሩ ኮምፒዩተሮች፣ ሳያቋርጡ ይሠራሉ።

ከዲጂታል ገንዘቦች ሁሉ የታወቀው ቢትኮይን እ.ኤ.አ. በጥር ወር 2009 ሥራውን ጀመረ። ይህን ገንዘብ የሚያወጣው ባንክ ወይም መንግሥት የለም። ማን ለማን ስንት እንደ ከፈለ የሚጻፍበት የሒሳብ መዝገብ ግን አለ፤ የመዝገቡም ቅጂ በዓለም ዙሪያ በሚገኙ ብዙ ኮምፒዩተሮች ላይ ተቀምጧል። በየ10 ደቂቃው ገደማ በመዝገቡ ላይ አዲስ ገጽ ይጨመራል። ገጹን ለመጨመር መብት የሚያገኘው በእጣ ከሚመሰል ውድድር አሸንፎ የወጣው ብቻ ነው።

ውድድሩም እንደሚከተለው ነው። የሣጥን ቁልፍ ቁጥር የጠፋበት ሰው ቁጥሮቹን አንድ በአንድ እየሞከረ ሣጥኑን ለመክፈት እንደሚደክም፣ የሒሳብ መኪናዎቹም በሰከንድ ቁጥር ስፍር የሌለውን ሙከራ እያደረጉ የሚፈለገውን መልስ ያድናሉ። መጀመሪያ ያገኘው አዲስ ቢትኮይን ይሸለማል። ሽልማቱ በየአራት ዓመቱ ገደማ በግማሽ ይቀነሳል፤ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ ወር 2024 ከ6.25 ወደ 3.125 ቢትኮይን ወርዷል። የቢትኮይን ጠቅላላ ቁጥርም ከ21 ሚሊዮን እንዳያልፍ ከመጀመሪያው ተወስኗል።

እዚህ ላይ አንባቢው ልብ ሊለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። በዓለም ላይ የመኪናዎቹ ቁጥር ቢበዛ የሚወጣው ገንዘብ አይበዛም፤ ጥያቄው እየከበደ ይሄዳል እንጂ። ስለዚህ የሥራው ባለቤት ትርፍ የሚያገኘው ከሌላው ይልቅ ርካሽ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ነው። ከአዲሶቹ መኪናዎች አንዱ ብቻውን 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይወስዳል፤ ይኸውም በቀንና በሌሊት ሲቆጠር 84 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ነው። ይህ መጠን አንድ አነስተኛ ቤተ ሰብ በወር ውስጥ ከሚጠቀምበት ኃይል ብዙም አያንስም። እንግዲህ ድርጅቱ ስሙ የገንዘብ ድርጅት ይባል እንጂ በተግባር የኤሌክትሪክ ገዢ ነው፤ ቁጥጥሩም ከሁሉ አስቀድሞ የኤሌክትሪክ ቁጥጥር ሊሆን የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው።

ሥራው ወደ ኢትዮጵያ የመጣበት ምክንያት

እስከ እ.ኤ.አ. 2021 ድረስ የዚህ ሥራ ዋና ማዕከል ቻይና ነበረች። በዚያው ዓመት የቻይና መንግሥት ሥራውን ስለ ከለከለ ባለቤቶቹ መኪናዎቻቸውን እየጫኑ ርካሽ ኃይል ወደሚገኝባቸው አገሮች ተሰደዱ።

በዚያን ጊዜ በኢትዮጵያ በመጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ የተቀመጠው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ወደ ሥራ እየተቃረበ ነበር። ግድቡ በየካቲት ወር 2014 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ኃይል አመነጨ፤ በጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ ተመረቀ። የማመንጨት አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ነገር ግን ከአገሪቱ ሕዝብ ግማሽ ለሚሆነው መብራት ገና አልደረሰውም። የዚህም ዋናው ምክንያት የማስተላለፊያና የማከፋፈያ መሥመር፣ የትራንስፎርመርና የቆጣሪ እጥረት ነው። እነዚህን ዕቃዎች ለመግዛት የውጭ ምንዛሪ ያስፈልጋል፤ የውጭ ምንዛሪም ብርቅ ነው።

የዲጂታል ገንዘብ አውጪዎቹ በዚህ መካከል ገቡ። ቤታቸውን በትልልቅ የኃይል ማከፋፈያ ጣቢያዎች አጠገብ ስለሚሠሩ ረጅም መሥመር እንዲዘረጋላቸው አይጠይቁም፤ ሒሳባቸውንም በውጭ ምንዛሪ ይከፍላሉ። በ2016 ዓ.ም. ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ይከፍሉት የነበረው 3 የአሜሪካ ሳንቲም ያህል እንደ ነበረ ተነግሯል። በየካቲት ወር 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ከ21 እንዲህ ካሉ ድርጅቶች ጋር ውል ነበረው፤ ከእነርሱም ከሁለቱ በቀር ሁሉም የቻይናውያን ነበሩ። በዚያው ወር የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ መቀመጫው ሆንግ ኮንግ ከሆነ ኩባንያ ጋር ለዳታ ማይኒንግና ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚውል የ250 ሚሊዮን ዶላር ሥራ ለማቋቋም የመግባቢያ ሰነድ መፈራረሙን አስታወቀ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የአቡ ዳቢው ፊኒክስ ግሩፕ የ80 ሜጋ ዋት ውል ማድረጉ ተገለጸ።

የጉዳዩን ክብደት ለመረዳት አንድ ቀላል ሒሳብ ማየት ይበቃል። 10 ሜጋ ዋት የሚወስድ አንድ ድርጅት ሳያቋርጥ ቢሠራ በቀን 240,000 ኪሎ ዋት ሰዓት ይጠቀማል። በ3 የአሜሪካ ሳንቲም ሲታሰብ ይህ በቀን 7,200 ዶላር፣ በዓመት 2.6 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ያስገባል። በወር 100 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚበቃቸው ቤተ ሰቦች ቢሆኑ ግን ይኸው ኃይል 72,000 ለሚሆኑ ቤቶች ይዳረስ ነበር። በአንድ ወገን ዶላሩ፣ በሌላው ወገን ምጣዱና አምፖሉ ይመዘናሉ ማለት ነው። ወደነዚያ ቤቶች የሚወስድ መሥመር እስካልተዘረጋ ድረስ ኃይሉን መሸጥ ውኃውን በከንቱ ከመልቀቅ ይሻላል። መሥመሩ የተዘረጋ ዕለት ግን የሚዛኑ ፍርድ ይለወጣል። መልካም የቁጥጥር ሥርዓት የሚባለውም ይህን ዕለት አስቀድሞ አስቦ በውሉ ውስጥ የጻፈ ነው።

ቁጥጥሩ በማን እጅ ነው?

በኢትዮጵያ ይህን ሥራ የሚመለከተው ሥልጣን በአንድ መሥሪያ ቤት እጅ አልተጠቃለለም። በዋናነት በሦስት ተከፍሏል።

1ኛ፤ የኃይሉ ጉዳይ። ኃይሉን የሚሸጠውና ውሉን የሚዋዋለው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ለቤትና ለአነስተኛ ነጋዴ ከሚያከፋፍለው ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የተለየ ድርጅት ስለ ሆነ ሁለቱን መሥሪያ ቤቶች አደባልቆ ማየት አይገባም። የኢነርጂን ሥራ በጠቅላላው የሚገዛው የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 ነው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል በ2017 ዓ.ም. ለዚህ ሥራ የመደበው ኃይል በመሙላቱ አዲስ ጥያቄ መቀበል ማቆሙን አስታውቋል። ይህ ውሳኔ ከብዙ አንቀጽ የበለጠ ጉልበት ያለው ቁጥጥር ነው፤ ኃይል ያላገኘ ድርጅት ሌላ ፈቃድ ሁሉ ቢኖረው መኪናውን ማስነሣት አይችልምና።

2ኛ፤ የመሣሪያውና የምስጢር ቁጥሩ ጉዳይ። በአዋጅ ቁጥር 808/2006 መሠረት የምስጢራዊ ቁጥር ቴክኖሎጂዎችን የመቆጣጠር ሥልጣን የተሰጠው ለኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ነው። ይህ መሥሪያ ቤት በነሐሴ ወር 2014 ዓ.ም. ባወጣው ማስታወቂያ፣ ዲጂታል ገንዘብ በማውጣትም ሆነ በማስተላለፍ ሥራ ላይ የተሠማሩ ግለሰቦችና ድርጅቶች ሁሉ በ10 ቀን ውስጥ ቀርበው እንዲመዘገቡ አዘዘ። ሳይመዘገቡ የሚሠሩትም በሕግ እንደሚጠየቁ አስጠነቀቀ።

3ኛ፤ የገንዘቡ ጉዳይ። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. እንዳስታወቀው የአገሪቱ ሕጋዊ መገበያያ ብር ነው፤ በቢትኮይንና በመሳሰሉት መገበያየትም ሕገ ወጥ ነው።

ከነዚህ ሦስቱ አንድ እንግዳ የሚመስል ነገር ይገኛል። ገንዘቡ በአገሪቱ ምድር ይወጣል፤ በአገሪቱ ገበያ ግን አንድ ኪሎ ስኳር ሊገዛበት አይፈቀድም። ነገሩ ግን ምክንያት አለው። መንግሥት የሚሸጠው ኤሌክትሪክን ነው፤ የሚቀበለውም ዶላር ነው። ቢትኮይኑን ባለቤቱ በውጭ አገር ገበያ ይሸጠዋል። ከዚህ የተነሣ ለአገሪቱ የሚቀረው የኃይሉ ዋጋና በሕግ የሚሰበሰበው ግብር ነው። የገንዘቡ ዋጋ በዓለም ገበያ እጥፍ ቢሆን በቆጣሪው ላይ የተጻፈው ሒሳብ አይጨምርም። ስለዚህ የመንግሥት ትልቁ የመደራደሪያ ሥፍራ ቆጣሪው ነው ማለት ይቻላል፤ ዋጋው፣ የውሉ ዘመን፣ ኃይል ሲያንስ ማን አስቀድሞ ይቋረጣል የሚለው ጥያቄ ሁሉ እዚያ ላይ ይወሰናል።

የሌሎች አገሮች ልምድ

ይህ ጥያቄ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። ከሌሎች አገሮች የሁለቱ ታሪክ በተለይ የሚያስተምር ነው።

ኢራን እ.ኤ.አ. በ2019 ይህን ሥራ እንደ ኢንዱስትሪ ተቀብላ በፈቃድ እንዲሠራበት ደነገገች። ነገር ግን ለቤትና ለሌላ አገልግሎት የሚሰጠው ኤሌክትሪክ እጅግ ርካሽ ስለ ነበረ ብዙዎች ፈቃድ ሳያወጡ መኪናዎቻቸውን ደብቀው መሥራትን መረጡ። እ.ኤ.አ. በግንቦት ወር 2021 በከተሞች መብራት በመጥፋቱ መንግሥቱ ሥራውን ሁሉ ለአራት ወር ከለከለ፤ በዚያን ጊዜ የነበሩት ፕሬዚዳንት ሐሰን ሩሃኒም ከሥራው 85 በመቶ የሚሆነው ያለ ፈቃድ የሚካሄድ መሆኑን ተናገሩ። ከዚህ የምንረዳው፣ ለዚህ ሥራ የተለየ ዋጋ ወጥቶ ቆጣሪው በሚገባ ካልተጠበቀ የፈቃዱ ወረቀት ብቻውን የማይበቃ መሆኑን ነው።

ካዛክስታን ደግሞ ከቻይና የወጡትን ብዙ ድርጅቶች በአንድ ጊዜ ተቀበለች። ጥቂት ወራት ሳይቆይ የኃይል እጥረት ስለ ደረሰባት እ.ኤ.አ. በጥር ወር 2022 የነዚህን ድርጅቶች ኃይል አቋረጠች። በሚቀጥለው ዓመት ባወጣችው ሕግ ድርጅቶቹ ፈቃድ እንዲያወጡና ከአገሪቱ መረብ ኃይል የሚገዙት ትርፍ ሲኖር ብቻ እንዲሆን ደነገገች። አስቀድሞ ያልተጻፈው ሕግ ከጉዳቱ በኋላ ተጻፈ።

ስለ ሥራው ጥቅምና ጉዳት

ለጥቅሙ ሊነገር የሚገባው እውነት ነው። ይህ ደንበኛ ሌሊትም ይገዛል፤ ሌላው ደንበኛ ተኝቶ ሳለ የሚባክነውን ኃይል ይወስዳል። መኪናዎቹ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሊጠፉና እንደ ገና ሊበሩ ስለሚችሉ፣ ውሉ ከፈቀደ፣ በምሽት ሰዓት የከተማው ፍላጎት ሲበረታ ድርጅቱ ፋንታውን ይለቅቃል። የሲሚንቶ ፋብሪካ ወይም ሆስፒታል እንዲህ ሊያደርግ አይችልም።

ጉዳቱም ሊሸሸግ አይገባም። ሥራው ከሚወስደው ኃይል ጋር ሲመዛዘን የሚቀጥረው ሰው እጅግ ጥቂት ነው። መኪናዎቹ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ያረጃሉ፤ ከዚያ በኋላ ውዳቂ ናቸው። ማቀዝቀዣዎቹ ቀንና ሌሊት የሚያሰሙት ድምፅ ጎረቤትን ያውካል። ከሁሉ ይልቅ ግን ሥራው እንግዳ ነው፤ በቻይና እንደ ታየው መኪናውን ጭኖ ለመሄድ ወራት ይበቁታል። በእርሱ ገቢ ላይ ብቻ ተማምኖ በጀቱን የሚያቅድ መሥሪያ ቤት የቢትኮይን ዋጋ የወደቀ ዕለት ይቸገራል።

የአካባቢ ሹማምንት ሊጠይቁት የሚገባ

እንዲህ ያለ ድርጅት በወረዳው ወይም በከተማው ሊቋቋም ሲመጣ የአካባቢው ባለሥልጣን የቴክኖሎጂውን ምስጢር ማወቅ አያስፈልገውም። የሚከተሉትን ግልጽ ጥያቄዎች ጠይቆ መልሱን በጽሑፍ መቀበል ይበቃዋል።

ሀ) ኃይሉ ከየት ነው የሚመጣው? ከትልቁ ማከፋፈያ ጣቢያ በውል ነው ወይስ ወፍጮ ቤቱና ጤና ጣቢያው ከሚጠቀሙበት ትራንስፎርመር?

ለ) ድርጅቱ በኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ተመዝግቧልን? መኪናዎቹስ በጉምሩክ በኩል ቀረጥ ተከፍሎባቸው የገቡ ናቸውን?

ሐ) ኃይል ባነሰ ጊዜ በመጀመሪያ የሚቋረጠው ማን ነው? ይህ በውሉ ላይ ካልተጻፈ የሚቋረጠው ብዙ ጊዜ ድምፁ የማይሰማው ነዋሪ ነው።

መ) ቤቱ ከመኖሪያ ሰፈር ምን ያህል ይርቃል? ስለ ድምፁ፣ ስለ ሙቀቱና ስለ እሳት አደጋ ምን ጥንቃቄ ተደርጓል?

ሠ) ድርጅቱ ሥራውን ሲያቆም ያረጁትን መኪናዎች የሚያነሣውና መሬቱን የሚያጸዳው ማን ነው?

ለነዋሪው ሕዝብ

ነዋሪውም ሁለት ነገር እንዲያውቅ ያስፈልጋል። በመጀመሪያ፣ መንግሥት ለድርጅቶች ኃይል መሸጡ ግለሰብ በዲጂታል ገንዘብ እንዲገበያይ ፈቀደ ማለት አይደለም። በወሰኑ በዚህኛው ወገንም የሱዳን ማዕከላዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ሕዝቡ ከዚህ ገንዘብ እንዲጠነቀቅ አሳስቧል። ስለዚህ «በስልክህ ገንዘብ ላክልኝ፤ የማይኒንግ አክሲዮን እገዛልሃለሁ፤ ትርፉ በየቀኑ ይደርስሃል» የሚል ሰው ሲመጣ፣ ድርጅቱ የተመዘገበበትን ወረቀትና ኃይሉን የሚገዛበትን ውል አሳየኝ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። መኪናውን ያላዩት፣ ቆጣሪውንም የማያውቁት ሥራ ትርፍ ያመጣል ብሎ ማመን ከስደትና ከድካም የተረፈችውን ጥቂት ጥሪት ለሌላ ሰው አሳልፎ መስጠት ነው።

ሁለተኛም፣ በመኖሪያ ቤት ውስጥ ደብቆ እንዲህ ያለ መኪና ማስነሣት ጎረቤትን መጉዳት ነው። ለምጣድና ለአምፖል ተብሎ የተተከለ ትራንስፎርመር ቀንና ሌሊት ይህን ጭነት ሲሸከም ይግላል፤ በመጨረሻም ይቃጠላል። ያን ጊዜ ሰፈሩ ሁሉ ይጨልማል፤ አዲስ ትራንስፎርመር እስኪመጣም ዱቄቱ በወፍጮ ቤት፣ መድኃኒቱ በጤና ጣቢያ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይጠብቃል።

የኤሌክትሪክ ኃይል በወንዝና በግድብ የተገኘ የሕዝብ ሀብት ነው። ለሕዳሴው ግድብ መሥሪያ ብዙ ኢትዮጵያውያን፣ በአገር ውስጥም በስደትም ያሉት፣ ቦንድ እየገዙ አዋጥተዋል። ይህን ሀብት ለውጭ ገዢ መሸጥ ነውር የለበትም፤ ወደ ገዳሪፍ የተዘረጋውም መሥመር የዚሁ ዓይነት ሽያጭ ነው። ከሽያጩ የተገኘው ዶላር ወደ ትራንስፎርመርና ወደ መሥመር ተለውጦ መብራት ካላየው መንደር መድረሱ ግን በየዓመቱ በአሐዝ ሊጠየቅ ይገባል። ጥያቄውን ማቅረብ የነዋሪው፣ መልሱን መዝግቦ መያዝ ደግሞ የአካባቢው አስተዳደር ፋንታ ነው።